ለብ ሲል ማቆም

እኔ ወሬ ከጀመርኩ አላቆምም፤ የምሠራበት የመኪና እጥበት ግቢ ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የሚሉኝ። ዛሬ ግን ስለ ራሴ አላወራም። የማወራው ስለ ጋሼ ለብታ ነው። እሱን የማያውቅ ሰው ካለ ቀረበት ነው የምለው።

ጋሼ ለብታ የመኪና ፖሊሽ ሠራተኛ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማሽን ይዞ፣ የደበዘዘ ቀለም ሲያበራ የኖረ ሰው። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከወገቡ ትንሽ ጎበጥ ብሏል። ቆሞ ሲያዋራችሁ እንኳን ፊታችሁ ላይ ጭረት የሚፈልግ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን «አንቱ» ብዬ ባናግረው፣ «አንቱ ስትዪኝ ወገቤን ያመኛል፣ አንተ በይኝ» አለኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ አንተ ነው የምለው፤ ልቤ ውስጥ ግን አሁንም አንቱ ነው።

«ለብታ» የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ለምን መሰላችሁ? ኮፈን ላይ ማሽኑን አራት ጊዜ ካመላለሰ በኋላ ያቆማል፣ የእጁን ጀርባ ቀለሙ ላይ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርግና «ለብ ብሏል» ይላል፣ ስፖንጁን ይቀይራል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ደንበኛ ቢጮህ፣ አለቃ ቢቆጣ፣ ለብ ካለ ለብ ብሏል ነው። በቃ ያቆማል።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ፤ ማስረዳት ደሞ ደስ ይለኛል። የፖሊሽ ማሽን ጫፉ ላይ ክብ ሰሃን አለው። ሰሃኑ ላይ ክብ ስፖንጅ ይጣበቃል። ስፖንጁ ላይ ፖሊሽ ጠብ ጠብ ታደርጉና መኪናው ላይ እያሽከረከራችሁ ታሹታላችሁ። ማሸት ያሞቃል፤ እስቲ እጅና እጃችሁን አሹት፣ ታዩታላችሁ። ስፖንጅ ሲሞቅ ታዲያ ከላይ አያስታውቅም፣ የሚግለው ከመሀሉ ነው። መሀሉ ይልፈሰፈሳል፣ ከሰሃኑ ጋር የሚይዘው ማጣበቂያ ይቀልጣል፣ ከዛ ወይ ይቦጨቃል ወይ ይወረወራል። እሱስ ይሁን፣ ስፖንጅ በስፖንጅ ይተካል። ከስሩ ያለው የሰው መኪና ቀለም ግን አንዴ ከተቃጠለ እንደ ጉም ያለ ነጭ እድፍ ይይዛል፤ እሱን የሚያስለቅቅ ፖሊሽ ገና አልተፈጠረም።

«ትኩስ ስፖንጅ ውሸታም ነው» ይላል ጋሼ። ሲግል ጭረቱ ቶሎ የጠፋ ይመስላል። ወዙ ቦግ ይላል፣ አንተም ጎበዝ የሆንክ ይመስልሃል። በነጋታው መኪናው ሲታጠብ ጭረቱ ሁሉ እንደ ድሮው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። ይሄን ያወቀው ደሞ ሰው ነግሮት አይደለም፣ በራሱ ደርሶበት ነው።

ያኔ ገና ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር። ከባልዲ ወደ ማሽን ካደገ ሳምንት አልሞላውም። አሠሪው ለምሳ ሲወጣ «እስክመለስ አንድ በር ጨርስ» ብሎት ሄደ። ጋሼ አንድ በር አልበቃው አለ፤ መኪናውን በሙሉ ጨርሶ ሰውየውን ሊያስደንቅ ፈለገ። ተጫነ። አበራ። ደስ አለውና ይበልጥ ተጫነ። ያ የድሮ ማሽን ስፖንጁን አንዴ ወርውሮ ለቀቀው፤ ስፖንጁ በአጥር ላይ ተሻግሮ፣ ጎረቤት የመኪና ወንበር ልብስ የምትሰፋ ልጅ ጭን ላይ አረፈ። ነጭ ጨርቅ ላይ! ልጅቷ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላው መጣች።

«ይሄ የማነው?»

«የኔ አይደለም» አለ ጋሼ።

«እጅህ ላይ ያለው ማሽን እኮ ራቁቱን ነው።»

እቺ ልጅ ዛሬ ሚስቱ ናት። እኛ እትዬ እንላታለን። ሦስት ልጆች አሳድገዋል፣ እሷም እስካሁን ከኛ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጎራብታ የወንበር ልብስ ትሰፋለች። ይሄን ታሪክ ስታወራ መጨረሻ ላይ ሁሌ «ስፖንጁንስ መለስኩለት፣ ራሴን ነው መመለስ ያቃተኝ» ትላለች። ጋሼ ደሞ ሁሌ እንዳልሰማ ይሆናል።

የዛ በር ቀለም ግን ተቃጥሎ ነበር። አሠሪው ጋሼን አላባረረውም፤ ቀለም ቀቢ ጋር ላከው፣ «የበደልከውን ሂድና እይ» ብሎ። ቀለም ቀቢው ከበሩ ላይ አንዲት የተላጠች ቅርፊት አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት። ከሽንኩርት ልጣጭ ትሳሳለች። ጋሼ ያቺን ቅርፊት ዛሬም አይረሳትም። «እኔ ብረት ላይ የተጫንኩ መስሎኝ ነበር» አለኝ አንድ ቀን፣ «ለካ ስጫን የነበረው እሷ ላይ ነው።»

እኔ ግቢው የገባሁት ውሃ ጎማ ይዤ ጭቃ ለማራገፍ ነው። ትምህርት ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ አልገፋሁም። እየረጨሁ ዓይኔ እሱ ላይ ነበር፤ ማሽኑ ሲሄድ፣ ጭረቱ ሲጠፋ፣ መኪናው ውስጥ ሰማይ ሲገባ አፌን ከፍቼ አያለሁ። አንድ ቀን ዞር ብሎ፣ «አንቺ፣ ጫማዬን እያጠብሽው ነው» አለኝ። እውነትም ጎማው ወደሱ ዞሯል። ይቆጣኛል ስል፣ «እጅሽን ስጪኝ» አለና የእጄን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አሳረፈው። «ይሄ ቀዝቃዛ ነው።» ትንሽ ሠራና፣ «ይሄ ለብታ ነው።» አሁንም ትንሽ ጨመረና ከማሳረፌ በፊት እጄን ያዘው። «ሦስተኛውን አላሳይሽም። ሦስተኛው ጋ መድረስ የለብሽም።»

ያለኝ ሙያ ሁሉ ከዚህ ነው የተነሳው። እግዜር ዕድሜ ይስጠው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ?

የሱ አሠራር ትዕግስት ይጠይቃል። አራት ስፖንጅ ንጹህ የባልዲ ክዳን ላይ ይደረድራል፣ ጥላ ውስጥ። አንዱ ሲሠራ ሦስቱ ያርፋሉ። «ሰውም እንደዛ ቢሆን ጥሩ ነበር» ይላል። አዲስ ስፖንጅ በደረቁ አይዞርም፤ «ደረቅ ስፖንጅ ማዞር የተራበ ሰው ማስሮጥ ነው።» አንድ በር ባለቀ ቁጥር ስፖንጁን በብሩሽ ያራግፋል፣ ምክንያቱም የደረቀ ፖሊሽ ሲጋገርበት ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። የማሽኑ ፍጥነት እስከ ስድስት አለው፣ እሱ ከአራት አያልፍም። «ስድስቱስ ምን ይሠራል?» ብለው፣ «የሠሩት ሰዎች ጉራ ነው» አለኝ። ከሁሉም በላይ ግን ስጫን ካየ አይታገሰኝም። «ማሽኑ የራሱ ክብደት አለው። መንገድ አሳዪው እንጂ አትቀመጪበት!»

ግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ አንድ ደንብ አለ፦ «እጁ ሙቀት የማያውቅ ሰው ማሽን አይያዝ።» ይሄን ያስጻፈው ራሱ ጋሼ ነው፣ ከስድስት ዓመት በፊት። ጡንቻ የሚባል ልጅ ነበር፣ አሁንም አለ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ። ማሽን ላይ እየተኛ የሁለት ደንበኛ መኪና አቃጠለ። ጋሼ አለቃችንን «ይሄ ልጅ ወደ ውሃ ጎማ ይውረድ፣ ደንቡም ይጻፍ፤ ለማንም አይታጠፍ» አለው። ተጻፈ። ጡንቻም ወረደ፤ እስከዛሬ ጎማ ነው የሚይዘው።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጥቁር አረንጓዴ አሮጌ መኪና ገባች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፣ አባባ ነው የምንላቸው። ቁልፏን ከማስረከባቸው በፊት ጣሪያዋን መታ መታ አደረጓት።

«ከለብታ ሌላ እጅ እንዳይነካብኝ። ቅዳሜ ለሴት ልጄ ላስረክባት ነው። ቀለሟ ከፋብሪካ የወጣችበት ነው፤ ቆዳዋ እንደኔ ሳስቷል።»

«እንደርስዎ ከሳሳማ በጨርቅም አልነካት» አለ ጋሼ፣ ተሳሳቁ።

ሐሙስ ጠዋት ከኋላ ኮፈኗ ጀመረ። እኔ አጠገቡ የኋላ መብራቶቿን እየወለወልኩ ነበር። በመሀል የሆነ ሽታ ሸተተኝ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ነገር። ከመንገድ ነው የመጣው ብዬ ተውኩት። ቀና ስል ግን ስፖንጁ ሰሃኑ ላይ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ ይወላገዳል። ጋሼ ማሽኑን አቆመ፣ እንደ ልማዱ የእጁን ጀርባ አሳረፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ገና ነው» አለ። «ለብ እንኳን አላለም።» እንደገና ማሽኑን አስነሳ።

እኔም እጄን ሰደድኩ። ሰድጄ አልጨረስኩም፣ ወላፈኑ መለሰኝ።

«ጋሼ! አቁም! አቁም!»

አቆመ። ማሽኑን ሲያነሳው ሰሃኑ ባዶውን መጣ። ስፖንጁ መኪናዋ ላይ ቀርቷል፣ ጀርባው ቀልጦ እንደ ማስቲካ ይሳባል። ሁለታችንም በጨርቅ ጠረግነው። ቀለሙ ደህና ነው። አንድ ዙር ቢጨምር አልቆላት ነበር። ያዳናት ዕድል ነው እንጂ ጥበብ አልነበረም።

ጋሼ እጁን ዘርግቶ አየው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያይ። ከዛ ቀስ ብሎ ነገረኝ። ሰባት ወር ሆኖታል። መጀመሪያ የጣቶቹ ጫፍ ደነዘዘ፣ ከዛ መዳፉ፣ አሁን ደሞ የእጁ ጀርባ። ሃያ ሦስት ዓመት የማሽን መንቀጥቀጥ ገብቶበታል። እስካሁን ሙቀቱን ሲለይ የነበረው በእጁ ሳይሆን በልማዱ ነው፤ ይሄን ያህል ሠራሁ፣ ይሄን ያህል ሞቋል እያለ። የሚይዘው ነገር ስለማይሰማው ደሞ ሳያውቀው አጥብቆ ይይዛል፣ አጥብቆ ሲይዝ ይጫናል። ያ ሁሉ «አትጫኚ» ሲለኝ የኖረ ሰው!

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ።

ለኔ እኮ ነው የሚለው! ለሬዲዮ!

ገባኝ ግን። ደንቡ እዛው ከራሱ በላይ ተጽፏል። አለቃ ከሰማ ጋሼ ጎማ ሊይዝ ነው። ጎማ መያዝ ነውር የለውም፣ እኔም ይዤ ነው ያደግኩት። ግን ይሄ ሰው ማሽን ሲይዝ ነው ሰው የሚሆነው፤ ቀጥ የሚለው፣ የሚቀልደው፣ የሚዘፍነው ያኔ ነው። ካልተናገረ ደሞ የአባባን መኪና ያቃጥላል። ሁለቱም እሾህ።

እስከ ምሳ ሰዓት ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። ሰው ሁሉ ደነገጠ። ጡንቻ «ባትሪሽ አለቀ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፣ ጭራሽ በሽተኛ መሰልኩት። ምሳዬን ይዤ እትዬ ጋ ገባሁ፣ የምበላው እዛ ነው። የስፌት ማሽኗን አቁማ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል? ሳላውቀው አፍሽን ሰፋሁት እንዴ?»

«እትዬ… አንድ ሰው እጁ ሙቀት መለየት ቢያቅተው ምን ያደርጋል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት። አንድ ሰው።»

«ያ አንድ ሰው ባሌ ነው?»

የጎረስኩት ትን አለኝ።

«ውሃ ጠጪ» አለች። «አምስት ወር ሙሉ ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ ነኝ፤ ‹መቆላለፉ አይመቸኝም› ነው የሚለኝ። መርፌ ወድቆበት ሲያነሳ አየሁት፣ ሦስቴ ዘገነ፣ አየር ነው የያዘው። ደበቅኩ ብሎ ደስ ብሎታል፣ ደስታውን ለምን ልቀማው ብዬ ተውኩት። ዛሬ ምን ተፈጠረ?»

ነገርኳት። እንዳትናገሪ ተብያለሁ፣ ግን ላወቀ ሰው መንገር ምስጢር ማውጣት አይደለም፤ እንደዛ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እትዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መቀሷን አስቀመጠች።

«እኔ ሦስት ልጅ ሳጥብ ውሃውን በጣቴ ነበር እንዴ የምለካው?» አለች። «ጣቴማ በመርፌ ደድሮ ምኑን ይለየዋል። በክርኔ ነው። የክርን ቆዳ አይዋሽም።» ተነሳች። «ሦስት ሳፋ አምጪ!»

ጋሼ ከሥራ ሲወጣ ጠብቀን ያዝነው። ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ በተረፈ የወንበር ልብስ ዓይኑን አሰረችው።

«ምንድነው ይሄ? ልትሸጪኝ ነው?»

«ማን ይገዛሃል? እጅጌህን ሰብስብ!»

አንዱ ሳፋ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ለብ ያለ፣ አንዱ ሞቅ ያለ፤ የሚያቃጥል አይደለም። መጀመሪያ በጣቱ አስነካችው። «ይሄ ቀዝቃዛ፣ ይሄም ቀዝቃዛ… ይሄም» አለ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። አንጀቴን በላው። ከዛ ክርኑን ይዛ አንዱ ሳፋ ውስጥ ነከረችው።

ጋሼ ቀና አለ።

«ምነው?» አለችው።

«ለብ ያለ ነው።»

ሳፋዎቹን አቀያየርን። አሥር ጊዜ ሞከርነው፣ አሥሩንም አገኘው። አሥረኛው ላይ የዓይኑን ጨርቅ ራሱ አወለቀና እትዬን አያት፣ ረጅም አያት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችው፣ «አንተ ጣትህን ይዘህ ቀረህ። ሌላ ገላ የለህም?»

እጁ መጫን አለመጫኑንም አይለይም ነበር፤ ለዚህ የሚሆነውን መላ እኔ አመጣሁ፣ ጉራ አይሁንብኝ። ያሁኑ ማሽናችን ሲጫኑት መዞሩን ይተውና ባለበት ይንቀጠቀጣል፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ የሚከመረው ያኔ ነው። እና በጥቁር ማርከር ሰሃኑ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር አሰመርኩ። ማሽኑ እየዞረ ከሆነ መስመሩ አይታይም፣ ይሽከረከራል። ከተጫንክ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታይሃል። ጋሼ ሞከረው። ሲጫን መስመሩ ቁልጭ አለ፣ ሲያላላ ጠፋ። «እዪው እስቲ» አለ፣ «እጄ የሚያወራውን ዓይኔ ይሰማል።»

እኔ ነገሩ አለቀ ብዬ ፈነጠዝኩ። «በቃ ማንም ሳያውቅ ነገ ትጨርሳታለህ!»

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። ጡንቻን ያወረደው ያ ደንብ ነው። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ጠዋት ለአለቃ እኔው እነግረዋለሁ። ካወረደኝ፣ ወረድኩ።»

ዓርብ ጠዋት ነገረው። እትዬም ጭምር ሁላችንም ባለንበት፣ ደንቡ ስር ቆሞ፣ የቀለጠውን ስፖንጅ በእጁ ይዞ። አንድም ነገር አልቀነሰም። የደነዘዘ እጁን፣ ሰባት ወሩን፣ የአባባን መኪና፣ ሁሉንም። አለቃችን ቀበቶው ላይ የደንበኞች ቁልፍ የሚያንጠለጥል ሰውዬ ነው፤ ሲሄድ ከሩቅ ይሰማል። ያን ቀን ቁልፎቹ ዝም አሉ።

«ጋሼ፣ ደንቡ ያንተ ነው» አለ።

«የኔ ነው።»

«ለማንም አይታጠፍ ያልከውም አንተ ነህ።»

«ነኝ። እንድታጥፈው አልመጣሁም። እጄ ሙቀት አያውቅም፣ ክርኔ ግን ያውቃል። ፈትነኝ፤ ካልሆነ ጎማውን ስጠኝ።»

ጡንቻ ሳቀ። «በክርን ፖሊሽ! ቀጥሎ በጉልበት ነው የሚታጠበው!» ማንም አልሳቀለትም። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት እትዬ እጄን ቆነጠጠችኝ።

አለቃ የአረንጓዴዋን መኪና የቀኝ በር አሳየው። «ይሄን በር እፊቴ ሥራ። መዳፌን ካቃጠለኝ ከማሽን ትወርዳለህ።»

ጋሼ ስፖንጆቹን ክዳኑ ላይ ደረደረ። የመጀመሪያውን በፖሊሽ አረጠበው፣ አላጠገበውም፣ አላስራበውም። ፍጥነቱን አራት ላይ አደረገና ጀመረ። ዓይኑ መስመሩ ላይ ነው። የኔም። አንዴ ብቅ አለች፣ ጥቁሯ መስመር፣ ወዲያው ትከሻውን ለቀቀ፣ ጠፋች። አራት ጊዜ አመላልሶ አቆመ። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ጎንበስ ብሎ ክርኑን በሩ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ለብ ብሏል» አለ። ስፖንጅ ቀየረ።

አለቃ መዳፉን አሳረፈ። «ቀጥል» አለው።

ሁለተኛው ስፖንጅ፣ ሦስተኛው። በየመሀሉ ክርኑ፣ በየመሀሉ የአለቃ መዳፍ። በሩ ግማሹ ሲያልቅ ጋሼ ማሽኑን አጥፍቶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ምነው? ደከመህ?» አለ አለቃ።

«ፀሐይ በሩ ላይ አርፋለች።»

እውነትም ከጣሪያው ቆርቆሮ ጠርዝ ስር አንድ ጭረት ፀሐይ በሩ ጥግ ላይ ወጥታለች። ማናችንም አላየናትም፤ ሁላችንም የምናየው የሱን እጅ ነበር። «በፀሐይ የሞቀ ብረት ላይ ስፖንጅ ማሞቅ በእሳት ላይ ጋዝ ነው» አለ። «ግፏት።» የገፋት ማን መሰላችሁ? ጡንቻ። ቀድሞ ሄዶ ብቻውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ጥላው ገፋት። ከዛ ሳይጠየቅ እሱም መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና ቆየ።

«እኔ በዚህ ሰዓት አቃጥያት ነበር» አለ ቀስ ብሎ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ጋሼ በሩን ጨረሰ። ያበራ ነበር አልላችሁም፤ ጥልቅ ነበር ነው የምለው። እትዬ መነጽሯን አስተካክላ በሩ ውስጥ ፀጉሯን አየች።

አለቃ ደንቡን ቀና ብሎ አየ። «ደንቡ እንዳለ ይቆያል» አለ። «ሙቀት የማያውቅ ማሽን አይይዝም። አንተ ታውቃለህ፤ በምን እንደምታውቅ ያንተ ጉዳይ ነው። ግን ከዛሬ ጀምሮ ማሽን የምትይዘው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፣ እጅህ እንዲያርፍ። ሐኪም ጋም ትሄዳለህ። የቀረውን ግማሽ ቀን አስተምር። ጡንቻንም ጨምረህ።»

«እኔን?» አለ ጡንቻ።

«ክርን የለህም?» አለችው እትዬ።

ሁላችንም ሳቅን። ጋሼ አልሳቀም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ ለአለቃ፣ በሁለት እጁ እጁን ጨበጠው። ከዛ ያገለገሉትን ስፖንጆች ሰብስቦ ከጀርባ ወዳለው የውሃ በርሜል ሄደ።

ቆየብኝና ተከተልኩት። ስፖንጅ በሙቅ ውሃ አይታጠብም፣ ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ አይጠመዘዝምም፣ በመዳፍ መሀል ጫን ጫን እየተደረገ ነው የሚጨመቀው። እሱም እንደዛ እያደረገ ነበር፣ አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩል። ፊቱ ረጥቧል።

«ውሃ ረጨኝ» አለኝ ሳልጠይቀው።

«ይረጫል» አልኩት።

ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር። እጄን ይዘህ ኮፈን ላይ ያሳረፍክ ቀን ሙያ ሰጠኸኝ፣ ዛሬ ደሞ ሰው ሲቸገር እንዴት እውነት እንደሚናገር አሳየኸኝ፣ ምን ብዬ ላመስግንህ… ይሄን ሁሉ ልል ነበር። ያ ሁሉ ወሬዬ የት እንደገባ እንጃ። አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ ሁለተኛውን ስፖንጅ አነሳሁ።

ጋሼ እጁን በርሜሉ ውስጥ እንደነከረ ቀና ብሎ አየኝ። ፀሐይዋ በርሜሉ ጋም ደርሳለች።

«እስቲ እይልኝ» አለኝ፣ «ውሃው ይቀዘቅዛል?»

እጄን ከሱ እጅ አጠገብ ነከርኩ።

«ይቀዘቅዛል ጋሼ» አልኩት። «ደህና ነው፣ እጠብ።»